ለአንድ ተኩስ የተደከመለት ናስ

የቆየ ቀለህ ከቤተሰብ ሳጥን የወጣ እንደሆነ ያገኘው ሰው ሁሉ ቶሎ ገልብጦ ግርጌውን ያያል። ግርጌው ላይ ፊደልና ቁጥር አለ፤ ፊደልና ቁጥር ካለ ደግሞ ነገሩ እዚያው ያለቀ ይመስላል። እኔ ግን ጽሑፉን ለመጨረሻ ማቆየት እመርጣለሁ። ፊደሉ የፋብሪካውን ስም ይነግረናል፤ ቅርጹ ግን ሠሪው ምን አስጨንቆት እንደነበር፣ ጭንቀቱንም በምን ብልሃት እንደተወጣው ያሳየናል። ስለዚህ ቀለሁን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ዙሪያውን ማየት ይቀድማል።

አሁን ከፊቴ የቆመው ቀለህ የጎረቤቴ ነው። ጎጃም ተወልደው አዲስ አበባ ያረጁ እናት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል። ቀለሁ የኖረው በአንዲት የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ፣ ከሁለት ጠገራ ብር፣ ከአንድ የእንጨት መስቀልና ጠርዙ ከተበላ ፎቶግራፍ ጋር ነው። አፉ በጥጥ ተወትፏል። በቤተሰቡ ወግ «የአያታችን የዓድዋ ጥይት» ይባላል። ወጉ ልክ መሆን አለመሆኑን ቀለሁ ራሱ ይመሰክራል፤ ለምስክርነቱ ግን አልቸኩልም። ጥይት ሲተኮስ አረሩ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ ቀለሁ መሬት ላይ ይወድቃል። ከሦስቱ እጅግ የተደከመበት ያ መሬት ላይ የወደቀው ነው።

ከግርጌው ልጀምር። ግርጌው ከገላው ወጣ ያለ ከንፈር አለው፤ በካሊፐር ሲለካ ዳር ለዳር 13.7 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የከንፈሩ ጠርዝ በቶርኖ ተልጎ የወጣ ነውና ከሰማንያ ዓመት በላይ ኖሮም ጥፍር ሲያሳልፉበት እኩል ነው፤ የሚደናቀፍበት ቦታ የለም። በአንድ በኩል ብቻ ትንሽ ጭረት አለች። ከጠመንጃው ሆድ ሲወጣ የሳበው መንጠቆ ያሳረፋት ናት።

ከከንፈሩ በላይ ገላው ይነሳል። ሲያዩት ቀጥ ያለ ቱቦ ይመስላል፤ ካሊፐሩ ግን ሌላ ይላል። ከታች 11.7 ሚሊ ሜትር የነበረው ውፍረት ትከሻው ጋ ሲደርስ 10.2 ገደማ ይሆናል። ይህ ሚሊ ሜትር ተኩል መጥበብ ለውበት የተደረገ አይደለም። ቱቦው ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ከተተኮሰ በኋላ ሲሳብ የጠመንጃውን ሆድ እስከ መጨረሻው እየፋቀ ይወጣ ነበር። እየጠበበ የሄደ ግን ገና ከመነሻው ንቅንቅ እንዳለ ከግድግዳው ይላቀቃል። በጭቃና በአቧራ መካከል ያለ ወታደር ጠመንጃው እንዳይነክስበት የታሰበው እዚህ፣ ዓይን በማያስተውለው ዝንባሌ ውስጥ ነው።

ትከሻው ለስለስ ብሎ ይታጠፍና አጭር አንገት ይሆናል። የአንገቱ ግድግዳ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ ግርጌው ደግሞ ድፍን ናስ። ያው አንድ ቁራጭ ከታች ድፍን፣ ከላይ ስስ ነው። ከውስጥ በቀጭን ዘንግ ግድግዳውን ብንዳስስ ውፍረቱ የት ላይ እንደተለወጠ አይገኝም። እርከን የለውም፤ መጋጠሚያ የለውም፤ ብየዳ የለውም።

ይህን ያህል ካየን በኋላ ማንነቱን መለየት ይቻላል፤ ጽሑፍ አላስፈለገንም። በአገራችን ቤቶች ውስጥ ሊገኙ የሚችሉት የቆዩ የጦር ቀለሆች ጥቂት ወገኖች ናቸው፤ ሦስት ጥያቄም ይለያቸዋል። ከንፈሩ ከገላው ይወጣል ወይስ ከገላው እኩል ሆኖ ከላዩ ቦይ ተቆፍሮለታል? ቁመቱ ስንት ነው? አፉስ ምን ያህል ይሰፋል? ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ የእኛ ሰው ውጅግራ ያለው ጠመንጃ ቀለሁ 59 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከንፈሩ ወደ 17 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፣ አፉ 11 ሚሊ ሜትር አረር ይይዛል። የጣሊያኑ ቬተርሊ አጠር ይላል፤ 47 ሚሊ ሜትር ቁመት፣ 10.4 ሚሊ ሜትር አፍ፣ ወጣ ያለ ከንፈር። ለበን የምንለው የፈረንሳዩ ሌቤል 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ ገላው ሁለት ጊዜ ይጠባል። ጣሊያኖች በ1891 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ይዘውት የመጡት ካርካኖ 52 ሚሊ ሜትር ነው፤ አፉ 6.5 ብቻ፣ ከንፈሩም ከገላው አይወጣም። ግርጌው ላይ ዓመቱ ብዙ ጊዜ በሦስት አኃዝ ይጻፋል፤ 936 ማለት 1936 እ.ኤ.አ. ነው። በቤልጅግ የሚተኮሰው የማውዘር ቀለህ 57 ሚሊ ሜትር፣ አፉ 7.9፣ ከንፈሩ ከገላው እኩል ነው። ቃኘው ሻለቃ ኮርያ ላይ የተኮሰው የአሜሪካኖቹ ጥይት ቀለህ ደግሞ ከሁሉም ይረዝማል፤ 63 ሚሊ ሜትር።

የእማማ ቀለህ 56 ሚሊ ሜትር ነው። በቁመት ከቤልጅጉ የሚለየው በአንዲት ሚሊ ሜትር ስለሆነ ማስመሪያ ብቻ የያዘ ሰው ሊደናገር ይችላል፤ ከንፈሩ ግን ክርክሩን ይዘጋዋል። ወጣ ያለ ከንፈር፣ 56 ሚሊ ሜትር ቁመት፣ ስምንት ሚሊ ሜትር የማይሞላ አፍ፤ ይህ 303 የሚባለው የእንግሊዝ ጥይት ነው። ስሙን ያገኘው ከአፈሙዙ ስፋት ነው፤ 0.303 ኢንች፣ ማለት 7.7 ሚሊ ሜትር።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ፤ ለእኔ የነገሩ ልብ ያለው እዚህ ነው። በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ የእንግሊዙ የናፒየር ጦር መቅደላ ሥር ሲደርስ እንግሊዛውያን ወታደሮቹ የታጠቁት ስናድር የተባለውን ጠመንጃ ነበር። የስናድሩን ጥይት የነደፈው በለንደን አጠገብ፣ ዉሊች በነበረው ሮያል ላቦራቶሪ የበላይ የነበረው ኤድዋርድ ቦክሰር ነው። የዚያ ዘመን ቀለህ ከአንድ ቁራጭ አልተሠራም። ስስ የናስ ቅጠል ተጠቅልሎ ቱቦ ይሆናል፣ ግርጌው ላይ የብረት ዝርግ ይገጠምለታል፣ መርፌ ሲመታው እሳት የሚሰጠው ካፕሱል ለብቻው ይሰካል። ቁራጭ በቁራጭ ላይ የተደረበ ሥራ ነው። ለጊዜው ትልቅ ብልሃት ነበር፤ መጋጠሚያ ባለበት ሁሉ ግን እሳት የሚያመልጥበት፣ ሲሳብም የሚገነጠልበት ስጋት አለ። ዓድዋ ላይ በእኛ ሰዎች እጅ የነበረው ውጅግራ ቀለሁ መጋጠሚያ የለውም፤ ከአንድ ናስ ተስቦ የወጣ ነው። ከመቅደላ እስከ ዓድዋ ባሉት 28 ዓመታት ውስጥ የቀለህ ሥራ ከመጠቅለል ወደ መሳብ ተሻግሯል። የእማማ ቀለህ የዚያው የመሳብ ጥበብ የበሰለ ፍሬ ነው።

ናሱ ከመቶ 70 መዳብ፣ 30 ዚንክ ነው። ይህ ምጣኔ በዘፈቀደ አልተመረጠም፤ ናስ ሳይቀደድ እጅግ ብዙ የሚሳበው በዚህ ቅልቅል ነው። ከወፍራም ላሜራ ክብ ዝርግ ይቆረጣል። ዝርጉ በሴቴው ቅርጽ ላይ ይቀመጥና ወንዴው ዘንግ ከላይ ሲጫነው ጎድጎድ ያለ ኩባያ ይሆናል። ኩባያው ጠበብ ወዳለ ሌላ ሴቴ ቅርጽ ይገፋል፤ ይረዝማል፣ ይሳሳል። ደግሞ ወደ ሌላ፣ ደግሞ ወደ ሌላ። ሸክላ ሠሪ የጀበናዋን አንገት ከጭቃው እብጠት ስባ ስታወጣ ግርጌውን ሳትነካ ግድግዳውን እንደምታሳሳ ሁሉ፣ እዚህም ግርጌው ውፍረቱን እንደያዘ ይቀራል፤ የሚሄደው ግድግዳው ነው።

ናስ ግን የራሱ ጠባይ አለው። በተሳበ ቁጥር ይጠነክራል፤ በጠነከረ ቁጥር ለመሰንጠቅ ይቀርባል። ስለዚህ በየስቡ መካከል በእሳት ይሞቃል፤ ሙቀቱ ጥንካሬውን ያስረሳውና እንደገና ይለሰልሳል። እሳቱ ያጠቆረው ገላ በአሲድ ይታጠባል፣ ይጠራል፣ ወደሚቀጥለው ስብ ይሄዳል። ቁመቱ ሲሞላ ትርፉ ይቆረጣል። ከዚያ ግርጌው በከባድ መጫኛ ይመታል፤ በዚያች ምት የካፕሱሉ ቤት ይጎደጎዳል፣ የከንፈሩ ትርፍ ወደ ጎን ይፈሳል፣ ድፍኑ ናስም በጣም ይጠነክራል። ይህኛው ጥንካሬ በእሳት አይፈታም፤ ሆን ተብሎ ይተዋል። አፉ ግን ለብቻው ይለሰልሳል፣ አረሩን እቅፍ አድርጎ ሲይዝ እንዳይሰነጠቅ። እንግዲህ በአንዲት የጣት ቁመት በማትሞላ ናስ ውስጥ ሁለት ጠባይ አለ፤ ከታች ግትር፣ ከላይ ገር። አንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበትን መስመር ፈልጎ የሚያገኝ የለም።

የእንግሊዝ ቀለህ ደግሞ ሌሎች የማያውቁት አንድ ጣጣ ነበረበት። ባሩዱ ኮርዳይት ነው፤ በቀጫጭን ረጃጅም ዘንግ መልክ ተሠርቶ፣ ተቆርጦ፣ በእሽግ የሚገባ። እሽጉ በጠባቡ አንገት አያልፍም። ስለዚህ ቀለሁ አንገት ከማውጣቱ በፊት፣ ገና አፉ እንደ ገላው ሰፊ ሳለ፣ የባሩዱ እሽግ ይገባበታል፤ ከላዩ የካርቶን ክዳን ይደረግበታል፤ ከዚያ በኋላ ትከሻውና አንገቱ ይጠባሉ። ይህ ማለት የመጨረሻው ቅርጽ የሚወጣው በባሩድ በተሞላ ናስ ላይ ነው። በዚያ ደረጃ እሳት ማስጠጋት አይታሰብም፤ ስለዚህ ማለስለሱ ቀድሞ፣ በልኩ ማለቅ አለበት። ጥቂት ቢበዛ አፉ አረሩን አይጨብጥም፤ ጥቂት ቢያንስ ሲጠብ ይጨማደዳል። የእማማን ቀለህ ትከሻ በአጉሊ መነጽር ዞርኩት፤ አንዲት ጭምድድታ የለችበትም።

ይህ ሁሉ ድካም የሚያገለግለው ለዓይን ጥቅሻ እንኳ ለማትሞላ ጊዜ ነው። መርፌው ካፕሱሉን ሲመታ ባሩዱ ይነዳል፤ ግፊቱ ከምንተነፍሰው አየር ግፊት 3,000 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ያን ጊዜ ገሩ አንገትና ስሱ ገላ ተነፍተው ከጠመንጃው ግድግዳ ጋር ይጣበቃሉ፤ እሳት ወደ ተኳሹ ፊት የሚመለስበት ቀዳዳ ይዘጋል። ግትሩ ግርጌ ግን አይላወስም፤ ካፕሱሉን ጨብጦ ይይዛል። አረሩ በሰከንድ 740 ሜትር ያህል እየከነፈ አፈሙዙን ሲለቅ ግፊቱ ይወድቃል፤ የተነፋው ናስ ትንሽ ተመልሶ ይሟሽሽና ከግድግዳው ይላቀቃል። አብዝቶ የለሰለሰ ናስ ተጣብቆ ይቀራል፤ አብዝቶ የጠነከረ ይሰነጠቃል። ጥበቡ መካከለኛውን ማግኘቱ ላይ ነው። እንግሊዞች የሊ ኤንፊልድ ጠመንጃቸውን ሆድ ለጭቃና ለአቧራ ብለው ሰፋ አድርገው ይቆፍሩት ስለነበር የተተኮሰ 303 ቀለህ ከከንፈሩ ጥቂት ከፍ ብሎ እብጥ ይላል። የእማማው ቀለህም ጣት ሲያሳርፉበት ያቺን እብጠት ያሳብቃል። ከመተኮሱ በፊት አልነበረችም።

አሁን ግርጌውን መገልበጥ ይቻላል። መሀሉ ላይ ካፕሱሉ አለ፤ መርፌው የመታው ጉድጓድ ክብና ጥልቅ ነው። ካፕሱሉ ከቤቱ ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ዙሪያ በአጉሊ መነጽር ብቻ የምትታይ የሐምራዊ ቀለም ቅሪት አለች። ቀለሙ እርጥበት እንዳይገባ የሚዘጋ ቫርኒሽ ሲሆን ምልክትም ነው፤ ሐምራዊ ተራ ጥይት፣ አረንጓዴ ብረት በሺ፣ ቀይ መንገዱን እያበራ የሚሄድ፣ ሰማያዊ አቃጣይ። ጥጡን አውጥቼ በአፉ በኩል በባትሪ ሳይ ደግሞ ከታች፣ ከመሀል ወጣ ካለች እብጠት ግራና ቀኝ ሁለት የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ብርሃን አልባ ነጥቦች ይታያሉ። እሳቱ ከካፕሱሉ ወደ ባሩዱ የተሻገረባቸው በሮች ናቸው። ይህ ዘዴ የአሜሪካዊው የሃይረም በርዳን ነው። እንግሊዛዊው ቦክሰር የፈለሰፈው ሌላው ዘዴ አንድ ቀዳዳ ብቻ አለው። ሁለቱም ፈጠራቸውን ያስመዘገቡት በ1866 እ.ኤ.አ. ነው። በመጨረሻ አሜሪካ የእንግሊዛዊውን ስትወስድ እንግሊዝ የአሜሪካዊውን ወሰደች።

በካፕሱሉ ዙሪያ የተቀረጹት ፊደላት አር እና ኤል ናቸው፤ በመካከላቸው ሦስት መስመሮች ጫፍ ላይ የሚገናኙበት የቀስት ምልክት አለ። ቀስቱ የብሪታንያ መንግሥት ንብረት መለያ ነው። አር ኤል ሮያል ላቦራቶሪ ነው፤ ያው በዉሊች የነበረው፣ ቦክሰር የስናድሩን ጥቅልል ቀለህ ያወጣበት ቤት። የመቅደላው ጥይት ከተነደፈበት ቤት ከ70 በሚበልጥ ዓመት ልዩነት የወጣ ቀለህ ጎጃም ገብቶ የአርበኛ ጥይት ሆኗል። ቀጥሎ የሮማ ቁጥር ሰባት ይታያል፤ በ1910 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ባለ ሹል አረር ሰባተኛው ዓይነት ማለት ነው። የመጨረሻው 1940 ነው።

የፊደላቱ ጥልቀት እኩል ነው፤ አንዱ ጠልቆ ሌላው አልተንሳፈፈም። ማኅተሙ ትንሽ ቢያዘነብል አንዱ ወገን ይደበዝዝ ነበር። ጦርነቱ ሰው በሚያጣድፍበት በዚያ ዓመት፣ እጅግ ብዙ ሴቶች በገቡባቸው የጥይት ፋብሪካዎች ውስጥ፣ በቀን የማይቆጠር ቀለህ እያለፈ ይህ እኩልነት አልተጓደለም። ቀለህ እየተለካና እየተፈተሸ ነው የሚወጣው፤ ልክ ያጣ ወደ ማቅለጫው ይመለሳል።

ሌላ ፊደል ያለበት 303 ያገኘ ሰው ሌላ መንገድ ይከተል። ኬ ብቻ ከሆነ በርሚንግሃም የነበረው የካይኖክ ፋብሪካ ነው። ኬ ኤፍ ከነቀስቱ ሕንድ ውስጥ ያለው የኪርኪ ፋብሪካ ነው። ዩ ደግሞ ፕሪቶሪያ የነበረው የደቡብ አፍሪካ የገንዘብ ማተሚያ ነው፤ ሳንቲም የሚቀርጹ መጫኛዎች በጦርነቱ ጊዜ ቀለህም አወጡ። ከረን ላይ ሕንዳውያን፣ ከደቡብ በኩል ደቡብ አፍሪካውያን ተዋግተዋልና እነዚህ ፊደላት በምሥራቅ አፍሪካ ምድር ላይ ቢገኙ አያስገርምም።

ዓመቱን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። የፈረንጅ 1940 እስከ ጳጉሜን ድረስ የእኛ 1932፣ ከመስከረም ወዲህ 1933 ነው። ቀለሁ ከዚያ በፊት ሊተኮስ እንደማይችል እርግጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ መቼ እንደተተኮሰ ግን ማኅተሙ አይናገርም። ታሪኩ ይረዳናል። በ1932 ክረምት የእንግሊዛዊው መኮንን የሳንድፎርድ ልዑክ ከሱዳን ጎጃም ገባ። ጥር 12 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ኡም ኢድላ ላይ ድንበሩን ተሻገሩ። በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው የጌድዮን ጦር ከአርበኞቹ ጋር ሆኖ በጎጃም በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ገፋ። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ከዉሊች የወጣ የ1940 ጥይት ጎጃም ለመድረስ ጊዜም መንገድም ነበረው።

«እማማ፣ ይሄ የዓድዋ አይደለም። ከዓድዋ 44 ዓመት በኋላ ነው የተሠራው» አልኳቸው።

ቀለሁን ከእጄ ወስደው ገለበጡት። «እንግዲያው የአባቴ ነዋ» አሉ። «የአያቴማ ውጅግራ ነበር ሲሉ እሰማለሁ። ከእንግሊዞቹ ጋር የወረደው አባቴ ነው።»

«ለምን የዓድዋ ተባለ ታዲያ?»

«ሳጥኑ የአያቴ ስለሆነ ነዋ ልጄ! በሱ ሳጥን የተገኘ ሁሉ የሱ ሆነ።»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልጠብቅም። ቤተሰብ ዕቃን በሳጥኑ ባለቤት ይጠራል፤ ናስ ደግሞ ራሱን በሠሪው ይጠራል። እዚህ ላይ ናሱ ብዙ አወቀልን። ቢሆንም ልኩ አለው። ያንኑ ጥይት ጠመንጃውም፣ ብሬን መትረየስም፣ ቪከርስ መትረየስም ይተኩሱታል። ማን እንደተኮሰው፣ ማን ላይ እንደተተኮሰ፣ ተኳሹ አንስቶት እንደሆነ ወይም ከሜዳ ላይ ተለቅሞ እንደሆነ ቀለሁ አይመሰክርም። ለዚያ ምስክሩ እማማ ናቸው።

እንዲህ ያለ ዕቃ ቤቱ ያለ ሰው ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። አንደኛው፣ አረሩ ከነቦታው ያለና ካፕሱሉ ያልተመታ ከሆነ ቀለህ ሳይሆን ጥይት ነው፤ ሳይነካኩና ሳይፈቱ ለፖሊስ ማሳወቅ ነው። ሁለተኛው፣ ባዶውን ቀለህ በሎሚ፣ በአመድና በአሸዋ ማሸት ይቅርብን። ሐምራዊዋ ቅሪትና የመንጠቆዋ ጭረት የሚጠፉት ሊያሳምሩት በተነሱ እጆች ነው። ከሁሉ የከፋው አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ነው። እንግሊዞች ሕንድ ውስጥ በዝናብ ወራት ያስቀመጡት ጥይት ማንም ሳይነካው አንገቱ እየተሰነጠቀ ያስቸግራቸው ነበር። በ1921 እ.ኤ.አ. ሙር፣ ቤኪንሰልና ማሊንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ምክንያቱን አብራሩ፤ ከፈረስ ጋጣ የሚነሳው አሞኒያ በናሱ ውስጥ ተደብቆ የቀረውን ውጥረት እየፈለገ ይሰነጥቀው ነበር። መፍትሔው ውጥረቱን በመለስተኛ ሙቀት ማስለቀቅ ሆነ። አሜሪካኖቹ በወታደራዊ ቀለሆቻቸው አንገት ላይ የሚታየውን የሙቀት ጥላ ሳይጠርጉ የሚተዉት ማለስለሱ መደረጉ እንዲታይ ነው። የኮርያ ቀለህ ያለው ቤተሰብ ያንን ጥላ ቆሻሻ መስሎት ቢያሸው የሥራውን ማስረጃ ነው የሚያጠፋው።

የእማማን ቀለህ ሳይ አንድ ነገር አልገጣጠም ብሎኝ ነበር። የአፉ ውስጥ ግድግዳ ጥቁር ነው፤ የኮርዳይት ጥላሸት ግን እንዲህ አይወፍርም፣ እንዲህም አያበራም። በአጉሊ መነጽር ሳየው ከአፉ ወደ ውስጥ ቁልቁል የወረዱ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሁሉም የተለሰለሱ። ጭረቶቹን የተኩስ ሥራ አያደርጋቸውም። በውስጡ ዘንግ ሲገባና ሲወጣ ኖሯል። እማማን ጠየቅኳቸው።

«የእናቴ ኩል ማስቀመጫ ነበር እኮ» አሉ። «ጥጡም የሷ ነው።»

ለኩል ከዚህ የበለጠ ዕቃ ማን ይሠራል? ግርጌው ከባድ ነው፤ ቢነካም አይገለበጥም። አንገቱ ጠባብ ነው፤ ኩሉ አይፈስም፣ አይነፍስበትም። አፉ ለመኳያው ዘንግ ይበቃል፤ ገር ስለሆነም ዘንጉን አይሸርፍም። ዉሊች ውስጥ ለእሳት የተመጠነው ልክ ሁሉ ጎጃም ውስጥ ለዓይን ሆነ። በጥሩ የተሠራ ነገር ሠሪው ላላሰበው ሥራም ይሆናል፤ ይህ የጥራት አንዱ መለያ ነው።

ለእማማ ከቀለሁ ጋር ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ ወረቀት ጻፍኩላቸው። አንደኛው መስመር ናሱ የሚለውን ያዘ፤ 303፣ ዉሊች፣ ሰባተኛው ዓይነት፣ 1940 እ.ኤ.አ.። ሁለተኛው ቤቱ የሚለውን፤ አባታቸው በ1933 ዓ.ም. ጎጃም እንደተዋጉበት። ሦስተኛው፣ እናታቸው ኩል ያኖሩበት እንደነበር። ናሱ የመሰከረውና ሰው የመሰከረው እንዳይደባለቁ ብዬ ለየብቻ ጻፍኳቸው፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው የትኛው ከየት እንደመጣ ይወቅ። አነበብኩላቸው። ሁሉንም ተቀበሉ፤ በቅደም ተከተሉ ግን አልተስማሙም።

«የእናቴን ከላይ አድርገው» አሉኝ። «አባቴ አንዴ ነው የተኮሰው፤ እሷ ዕድሜ ልኳን ተኳለችበት።»